ኔትወርክ መጣ ሄደ በሚልበት ቦታ ዳታ ሳያጠፋ የሚልክ አፕ አሠራር

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ትመዘግባለች እንበል። ስልኳ ላይ ቅጹን ትሞላለች። የክትባት ካርዱን ፎቶ ታነሳለች። «አስቀምጥ» የሚለውን ትነካና ወደሚቀጥለው ቤት ታልፋለች። ቀበሌው ሸለቆ ውስጥ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ጋ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ስልኩም ባትሪው አልቆ ይጠፋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ዳታውን ከጀርባ ሆኖ በራሱ የሚልክ አፕ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ለቆጣሪ አንባቢ፣ ለገበያ ጥናት፣ ለዕቃ አመላላሽ የሚሠራ አፕም ጣጣው ያው ነው። የማተኩረው አንድሮይድ ላይ ነው። መስክ ላይ የሚያዙት ስልኮች በብዛት አንድሮይድ ናቸውና። ለአይፎን የሚለየውን ወደ መጨረሻው አነሳለሁ።

የእነዚህ አፖች ትልቁ ችግር የኔትወርኩ መድከም አይመስለኝም። ችግሩ አፑ «ላክሁ» እና «ደረሰ» የሚሉትን እንደ አንድ ነገር ማየቱ ነው። ለዘመዱ በአውቶቡስ ዕቃ የላከ ሰው ረዳቱ ስለተቀበለው ብቻ አያርፍም። ከወዲያ በኩል «ደርሶኛል» የሚል ስልክ እስኪደወልለት ይጠብቃል። አፑም እንደዚያው ይጠብቅ። ከታች ያለው ሥራ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የምትፈልጉት ቅጽ አስሞልቶ መሰብሰብ ብቻ ነው? እንግዲያው አዲስ አፕ አትሥሩ። ኦዲኬ እና ኮቦ ቱልቦክስ የተባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያዎች ያለ ኔትወርክ ቅጽ አስሞልተው ኋላ ይልካሉ። ለዓመታት በብዙ አገር መስክ ላይ የተፈተኑ ናቸው። የራሳችሁን መሥራት የሚያስፈልገው ሥራው ከቅጽ ሲያልፍ ነው፤ ክትትል፣ ቀጠሮ፣ ከሌላ ሲስተም ጋር መገናኘት ሲኖርበት።

1. «አስቀምጥ» ሲባል ኔትወርክ አይነካ

ቁልፉ ሲነካ አፑ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፦ መዝገቡን ስልኩ ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ላይ ይጻፍ። ኤስኪውላይት የተባለው ስልኩ ውስጥ የሚሠራ ዳታቤዝ ከበቂ በላይ ነው። በኮትሊን ቋንቋ የምትሠሩ ከሆነ ሩም የተባለውን ላይብረሪ ከላዩ ተጠቀሙ። ሰርቨሩን መጥራት፣ መልስ መጠበቅ፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ማሽከርከር የለም።

አፑ እዚህ ቦታ ላይ ሰርቨሩን ከጠራ ምን እንደሚከተል አስቡት። ደካማ ኔትወርክ ላይ ጥያቄው ይንጠለጠላል። ሠራተኛዋ ትቸኩላለች፤ ቁልፉን ደግማ ትነካለች፣ ወይም ሰልችቷት አፑን ትዘጋዋለች። አንድም ሁለት መዝገብ ይፈጠራል፣ አንድም ጭራሽ አይኖርም። ሠራተኛዋ ግን የድርሻዋን ጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው የአፑ ኃላፊነት ነው።

ፎቶውን ዳታቤዙ ውስጥ አትክተቱት። የአፑ የግል ፋይሎች በሚቀመጡበት ቦታ እንደ ፋይል አስቀምጡትና አድራሻውን ብቻ ዳታቤዙ ላይ ጻፉ። ካሽ በሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ቦታ ግን በፍጹም አይቀመጥ። የስልኩ ማከማቻ ሲሞላ አንድሮይድ ካሹን ሳይጠይቅ ያጸዳዋል። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ስልኮች ደግሞ ማከማቻቸው ቶሎ ይሞላል።

2. መለያውን ስልኩ ራሱ ይስጥ

ዳታ ሁለት ጊዜ የሚመዘገበው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ስልኩ መዝገቡን ይልካል። ሰርቨሩ ይቀበልና ይመዘግባል። «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ግን ወደ ስልኩ ሲመለስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ስልኩ ስለ መድረሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩም አዲስ መዝገብ መስሎት አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ሕፃን ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ከስልኩ በኩል ብቻ መከላከል አይቻልም። መልሱ መንገድ ላይ ይቅር ወይም ጥያቄው ራሱ አይድረስ፣ ስልኩ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። መፍትሔው ደጋግሞ መላክ ጉዳት እንዳይኖረው ማድረግ ነው።

መዝገቡ ሲፈጠር ስልኩ ዩዩአይዲ የተባለውን የዘፈቀደ መለያ ይስጠው። አራተኛውን ዓይነት ተጠቀሙ፤ 122 ቢቱ ዘፈቀደ ስለሆነ ሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሰባተኛው ዓይነት ከሰዓት ይነሳል። የመስክ ስልክ ሰዓት ደግሞ አይታመንም፤ ለምን እንደሆነ ስምንተኛው ደረጃ ላይ አለ።

ሰርቨሩ በኩል ያ መለያ እንዳይደገም የሚከለክል ኢንዴክስ አድርጉ። ያው መለያ እንደገና ሲመጣ ሰርቨሩ ስህተት አይመልስ። የመጀመሪያው ጊዜ የሰጠውን የስኬት መልስ ደግሞ ይስጥ። ስልኩ የሚፈልገው ደረሰኝ ነው። ስንተኛው ሙከራ ላይ እንደደረሰ አያስጨንቀውም።

ደረሰኙ ውስጥ የመዝገቡ መለያ ተመልሶ ይምጣ። አፑም መለያው የራሱ መሆኑን ሳያይ አይመን። ሰርቨር «ተሳክቷል» ለማለት የሚመልሰው 200 የሚል ቁጥር ብቻውን ደረሰኝ አይደለም። መሃል ላይ ያለ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የሆቴል ዋይፋይ የመግቢያ ገጽ፣ 200 ሊመልስ ይችላል።

3. ወረፋ አዘጋጁ

ዳታቤዙ ውስጥ የወረፋ ሠንጠረዥ ይኑር። አንድ ረድፍ አንድ የሚላክ ነገር ነው። በየረድፉ የሚያዘው ይህ ነው፦ የመዝገቡ መለያ፣ ዓይነቱ፣ ተራ ቁጥሩ፣ ሁኔታው፣ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ የመጨረሻው ስህተት። መዝገቡና የወረፋው ረድፍ በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይጻፉም። አለዚያ ባትሪው በመሃል ቢያልቅ መዝገቡ ይኖራል፣ ወረፋ ላይ ግን የለም። እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይላክ ይቀራል፤ ማንም አያስተውለውም።

ሁኔታዎቹ አራት ናቸው፦ የሚጠብቅ፣ በመላክ ላይ፣ የደረሰ፣ የታገደ። ወጥመዱ ያለው «በመላክ ላይ» የሚለው ላይ ነው። ስልኩ እየላከ ሳለ ቢጠፋ ረድፉ እዚያው ተሰንቅሮ ይቀራል። ስለዚህ ላኪው (ወረፋውን የሚልከው የአፑ ክፍል) ሥራ በጀመረ ቁጥር መጀመሪያ «በመላክ ላይ» የሚሉትን ሁሉ ወደ «የሚጠብቅ» ይመልስ። ሁለተኛው ደረጃ በደንብ ከተሠራ ይህ ምንም አደጋ የለውም።

ጽሑፉንና ፎቶውን ለያይታችሁ በሁለት ረድፍ አሰልፉ። ጽሑፉ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ሠራተኛዋ ጉብታው ላይ ለአንድ ደቂቃ ብትቆም የቀኑ ጽሑፍ ሁሉ ሊያልፍ ይችላል። ፎቶው ከፊት ከተሰለፈ ግን ያቺን ደቂቃ ይበላታል። ደንቡ ይህ ነው፦ ጽሑፍ ሁሉ መጀመሪያ፣ ፎቶ ኋላ። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ ከሕፃኑ ይቅደም፤ ሰርቨሩ የማያውቀው ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን ሊመዘግብ አይችልም።

የተላከ መዝገብ ሲታረምስ? በየመዝገቡ የእትም ቁጥር ይኑር፤ በታረመ ቁጥር አንድ ይጨምር። ደረሰኝ ሲመጣ አፑ የእትም ቁጥሩን ያስተያይ። እየተላከ ሳለ መዝገቡ ታርሞ ከሆነ የመጣው ደረሰኝ የአሮጌው ነው። ረድፉ «የደረሰ» መባል የለበትም።

4. ጭነቱን አቅልሉ

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የ12 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ደካማ ኔትወርክ ላይ የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 40 ኪሎቢት ነው እንበል። ያ ፎቶ ብቻውን ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ረጅሙን ጎን 1280 ፒክስል አድርጋችሁ በጄፔግ 75 ጥራት ብታስቀምጡት ብዙ ጊዜ ወደ 250 ኪሎባይት ይወርዳል። 50 ሰከንድ ማለት ነው።

ግን ቁጥሩን ከእኔ አትቅዱ። በእጅ የተጻፈ እውነተኛ ካርድ አንስታችሁ አሳንሱት፤ ከዚያ የሚያነበውን ሰው አስነብቡት። ቀኑ ካልተነበበ ወደ 1600 ከፍ አድርጉ። የማይነበብ ፎቶ በፍጥነት ቢደርስ ምን ዋጋ አለው? ስታሳንሱ የፎቶው የመዞሪያ መረጃ እንዳይጠፋ አስቀድማችሁ አዙሩት። ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን የቦታ መረጃ ደግሞ ካላስፈለጋችሁ አጥፉት፤ የሰው ቤት አድራሻ ነው።

ጽሑፉም ቢሆን መታየት አለበት። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዳታውን ለመላክ ወደ ጄሰን ቅርጽ የሚቀይሩ አንዳንድ ላይብረሪዎች ደግሞ ፊደሉን ወደ ኮድ ቀይረው 6 ባይት ያደርጉታል። ያንን አጥፉት። ከምርጫ የሚመጡ መልሶችን በአማርኛ ጽሑፋቸው አትላኩ፤ አጭር ኮድ ይበቃል። ብዙ መዝገብ በአንድ ላይ ስትልኩ በጂዚፕ ጨምቁ። ብዙ ሰርቨሮች የተጨመቀ ጥያቄን በራሳቸው አይፈቱም፤ እዚያም በኩል መስተካከል ይፈልጋል።

5. መላኩን ለወርክማኔጀር ስጡ

የራሳችሁን ሰርቪስና ሰዓት ቆጣሪ ሠርታችሁ ከጀርባ ለማስኬድ አትሞክሩ። ያ ዘመን አልፏል። በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ስልኩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አፖችን የሚያስተኛውን ዶዝ አመጣ። በ2017 አንድሮይድ 8 ከጀርባ የሚሠሩ ሰርቪሶችን አጠበበ። ከዚያ ወዲህ የወጡት እትሞችም አጥሩን አጠበቁት። ወርክማኔጀር ከዚህ አጥር ጋር ተስማምቶ ሥራን ከጀርባ የሚያስኬድ የአንድሮይድ ላይብረሪ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ቢበራም ሥራውን ያስታውሳል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ለላኪው ሥራ ቋሚ ስም ስጡትና «ኪፕ» በሚለው ደንብ አስገቡት። በስሙ የሚጠብቅ ሥራ ካለ ሁለተኛ አይጨመርም። አፑ መዝገብ ባስቀመጠ ቁጥር ይህን ይጥራ። ላኪው ሲነሳ ወረፋውን ከላይ ወደ ታች እያነሳ ይልካል። ለሥራው ዳታውን አታሸክሙት፤ ወርክማኔጀር የሚቀበለው ከ10 ኪሎባይት አይበልጥም። ምን እንደሚላክ ላኪው ራሱ ከወረፋው ያንብብ።

አንድ ቀዳዳ አለ። ላኪው ወረፋው ባዶ መሆኑን አይቶ ሊጨርስ ሲል አዲስ መዝገብ ቢገባ፣ «ኪፕ» የሚያልቀውን ሥራ አይቶ አዲሱን ይተወዋል። ለዚህ መደገፊያ የሚሆን በየጊዜው የሚደጋገም ሌላ ሥራ ጨምሩ። ወርክማኔጀር የሚፈቅደው ትንሹ ልዩነት 15 ደቂቃ ነው። ለመደገፊያነት በየሰዓቱ ይበቃል።

አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራው እስከ 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ አንድሮይድ ያስቆመዋል። ስለዚህ ላኪው በየረድፉ መሃል «አቁም ተብያለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ከላይ ያ 13 ደቂቃ የሚፈጀው ፎቶ ለምን እንደማይደርስ አሁን ግልጽ ነው። በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል፣ በየጊዜው 10 ደቂቃ ላይ ይቆረጣል፣ የዳታ ጥቅሉን ግን ይበላል።

ቅድመ ሁኔታ ስታስቀምጡ «ኔትወርክ ሲኖር» በሉ። «ዋይፋይ ሲኖር ብቻ» የሚለው ከተማ ላይ ጥሩ ይመስላል። ቀበሌ ላይ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ፎቶዎቹ ለወራት ይከማቻሉ። ይልቅ የዳታ ጥቅሉን ማን እንደሚከፍል ከአሠሪው ጋር ተነጋገሩ። ሠራተኛዋ ከኪሷ የምትከፍል ከሆነ ፎቶን የማዘግየት ምርጫ አፑ ላይ ይኑራት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። ሥራው ሲከሽፍና «እንደገና» ሲል ወርክማኔጀር መጀመሪያ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት እያለ እየተባዛ እስከ 5 ሰዓት ይሄዳል። ኔትወርክ ጭራሽ ከሌለ ሥራው ስለማይነሳ ሙከራ አይቆጠርም። ሸለቆው ውስጥ ግን ስልኩ አንድ መስመር ሲግናል ያሳያል፣ ዳታ አያልፍም። እዚያ ላይ ሙከራው ይከሽፋል፣ መጠበቂያው ይረዝማል። ሠራተኛዋ ከቀትር በኋላ ጉብታው ላይ ስትደርስ ኔትወርኩ ግሩም ነው። ላኪው ግን ገና ሦስት ሰዓት ሊጠብቅ ወስኗል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። መጠበቂያው ከመባዛት ይልቅ በእኩል እንዲጨምር አድርጉት። ሁለተኛው የበለጠ ይጠቅማል፦ አፑ በተከፈተ ቁጥር፣ ወይም «አሁን ላክ» ሲነካ፣ የሚጠብቀውን ሥራ በ«ሪፕሌስ» ተክታችሁ ወዲያው አስነሱት። መጀመሪያ ግን እየሠራ አለመሆኑን እዩ። እየሠራ ከሆነ መተካት ሊያልቅ የደረሰ ፎቶን ያቋርጣል።

6. ስህተቶችን ለያዩ

የኔትወርክ መቋረጥ፣ የጊዜ ማለቅ፣ ከ500 ጀምሮ ያሉት የሰርቨር ስህተቶች፦ ቆይቶ መሞከር። 429 ወይም 503 ሲመጣ ሰርቨሩ «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ተመለስ» ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስሙት።

401 ከሆነ የመግቢያ ቶከኑ ጊዜው አልፏል። አንዴ ለማደስ ሞክሩ። ካልሆነ ወረፋውን እንዳለ ያዙና ሠራተኛዋ ተመልሳ እንድትገባ ጠይቁ። ወረፋው ግን አይነካ። 400 እና 422 ደግሞ «የላክኸው ዳታ ትክክል አይደለም» የሚሉ ናቸው። መቶ ጊዜ ቢላክም መልሱ ያው ነው። ረድፉን «የታገደ» በሉት፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድ የተበላሸ ረድፍ ከኋላው ያለውን ሁሉ ዘግቶ እንዲቆም መፍቀድ በእነዚህ አፖች ላይ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ኦኬኤችቲቲፒ የተባለውን የኔትወርክ ላይብረሪ ስትጠቀሙ ለመገናኘት፣ ለመጻፍና ለማንበብ የተሰጠው ጊዜ ሳትነኩት 10 ሰከንድ ነው። ለሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ይህ አጭር ነው። መልሱ 12ኛው ሰከንድ ላይ ሊመጣ ሲል አፑ ተስፋ ቆርጦ ዘግቷል። ማንበቢያውንና መጻፊያውን ወደ 60 ሰከንድ ከፍ አድርጉ።

የመጠበቂያ ጊዜዎች ላይ ትንሽ ዘፈቀደ ጨምሩ። መብራት ተመልሶ ታወሩ ሲነሳ የአካባቢው ስልኮች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነቃሉ። ሁሉም አብረው ሰርቨሩን ቢያንኳኩ ይወድቃል፤ አብረው ይከሽፋሉ፤ አብረው ተመልሰው ይመጣሉ።

7. ትልቅ ፋይል በቁራጭ ይሂድ

ከ300 ኪሎባይት በታች ላለ ፎቶ ይህ አያስፈልግም፣ እለፉት። ቪዲዮ ወይም ድምፅ ካለ ግን ፋይሉን ቆራርጦ መላክ ግድ ነው። ቱስ የተባለው ክፍት ፕሮቶኮል ለዚህ የተሠራ ነው። ስልኩ መጀመሪያ ሰርቨሩን «እስከየት ደርሶሃል?» ይለዋል። ሰርቨሩ የባይቱን ቁጥር ይነግረዋል። ስልኩ ከዚያ ይቀጥላል።

ማከማቻ ስትመርጡ የቁራጩን መጠን አስተውሉ። የአማዞን ኤስ 3 የራሱ መንገድ ከመጨረሻው በቀር አንድ ቁራጭ ከ5 ሜጋባይት እንዲያንስ አይፈቅድም። ያ ለደካማ ኔትወርክ በጣም ትልቅ ነው። ጉግል ክላውድ ስቶሬጅ የ256 ኪሎባይት ብዜት ይቀበላል። ያ ይሻላል። ፋይሉ ሲያልቅ ከይዘቱ የሚሰላውን የሻ 256 አሻራ በሁለቱም በኩል አስተያዩ፤ ካልገጠመ «ደረሰ» አይባልም።

8. የስልኩን ሰዓት አትመኑ

ይህ እኛ አገር የራሱ መልክ አለው። አንዳንድ ሰው ስልኩን በአገራችን አቆጣጠር ይሞላዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3 ይላል፤ ሲስተሙ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ነው ብሎ ያስባል። ስድስት ሰዓት ተዛነፈ ማለት ነው። ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ያለቀ ስልክ ደግሞ ሲበራ ዓመታት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ መዝገቦችን በስልኩ ሰዓት አትደርድሩ። ለዚህ ነው ወረፋው ላይ ተራ ቁጥር ያስፈለገው። ከየመዝገቡ ጋር የስልኩን ሰዓት ላኩ፤ ሰርቨሩም የተቀበለበትን ሰዓት ጎን ለጎን ይመዝግብ። ሰርቨሩ በመልሱ ላይ የራሱን ሰዓት ስለሚልክ ልዩነቱን ማስላት ይቻላል። የጉብኝት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ፣ ይሞላም። ዳታቤዙ ውስጥ ግን በአንድ ወጥ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ የጳጉሜን ቀናት የሚያስቸግሩት ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

ሌላም አለ። የስልኩ ቀን በጣም ከተሳሳተ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት «ጊዜው አልፏል» ወይም «ገና ነው» ይባላል፤ ግንኙነቱ ይከሽፋል። አፑ ይህን እንደ ኔትወርክ ችግር ቆጥሮ ለዘላለም ይሞክራል። የሰርተፍኬት ስህተት ሲመጣ ለይታችሁ ያዙትና «የስልክዎን ቀንና ሰዓት ያስተካክሉ» የሚል መልእክት አሳዩ።

9. ስልኩ አፑን ሲገድለው

ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ፣ ሻዎሚ እና ሌሎችም ባትሪ ለመቆጠብ የራሳቸውን አስተዳዳሪ ይጨምራሉ። አንዳንዱ አፑን ከነሥራው ያስቆመዋል። አፑ በግድ ከቆመ ወርክማኔጀርም ሰው እስኪከፍተው አይነሳም። በኮድ የሚፈታ አይደለም። ሥልጠና ላይ የእያንዳንዱን ስልክ የባትሪ ቅንብር ከፍታችሁ ለአፑ ፍቀዱለት። አፑ ሲከፈት ወረፋው እንዲነሳ ካደረጋችሁ ደግሞ ቢያንስ በቀን አንዴ ይላካል።

10. ሠራተኛዋ የምታየው

አንድ መስመር ይበቃል፦ «24 ደርሰዋል፣ 3 ይጠብቃሉ»። በየሙከራው «አልተሳካም» የሚል ማሳወቂያ አታውጡ። ሰው ያስደነግጣል፤ እሷ ልታደርገው የምትችለው ነገር ደግሞ የለም። የታገደ መዝገብ ሲኖር ግን በግልጽ ይታይ፤ የታገደበት ምክንያትም በሰው ቋንቋ ይጻፍ። «የልደት ቀኑ ከዛሬ በኋላ ነው» ይባል እንጂ 422 አይባል።

ያልተላከ ነገር እያለ ከአካውንት መውጣት አይፈቀድ። «አፑ አስቸገረኝ» ስትል አብዛኛው ሰው የሚመክራት «ዳታውን አጽጂው» ነው፤ ወይም አጥፍቶ መልሶ መጫን። ሁለቱም ወረፋውን ያጠፋሉ። ይህን ሥልጠና ላይ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ስልኩ ሊጠፋም ሊሰረቅም ይችላልና የታካሚ መረጃ የያዘውን ዳታቤዝ በኤስኪውኤልሳይፈር (ኤስኪውላይትን በምስጢር የሚቆልፍ ላይብረሪ) ቆልፉት። የደረሱ ፎቶዎችን ከስልኩ ላይ አጥፉ፤ ደረሰኝ ከመጣ በኋላ ብቻ።

አይፎን ላይ ከሆነ

ዩአርኤልሴሽን የተባለውን የአይፎን የኔትወርክ መሣሪያ ከጀርባ በሚሠራው ቅንብር ክፈቱት። የሚላከው ነገር ፋይል ላይ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ከሚሞሪ (ራም) በቀጥታ አይቀበልም። መላኩን ሲስተሙ ይረከበዋል። አፑ ቢተኛም ይቀጥላል። ተጠቃሚው አፑን ከቅርብ ጊዜ ዝርዝር ላይ ገፍቶ ከዘጋው ግን የተጀመረው ሁሉ ይሰረዛል። ወረፋው፣ መለያው፣ ደረሰኙ ሳይለወጡ ይሠራሉ።

11. አስቸግራችሁ ፈትኑ

ቢሮ ዋይፋይ ላይ የሠራ አፕ ምንም አልተፈተነም። እነዚህን አድርጉ።

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ሃያ መዝገብ ሙሉ። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። ኔትወርኩን መልሱ። አፑን ሳትከፍቱ ጠብቁ። ሃያውም ሰርቨሩ ላይ መድረስ አለባቸው።

የመፈተኛ ሰርቨሩ ላይ፣ መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ መልሱ ከመመለሱ በፊት ግንኙነቱን የሚቆርጥ መስመር ጨምሩ። ከሁሉም በላይ ይህኛውን አትዝለሉ። ስልኩ ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ አንድ መዝገብ ብቻ መኖር አለበት። ሁለት ካገኛችሁ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁማችሁ ሁለተኛውን ደረጃ አስተካክሉ።

ወረፋው መሃል ሆን ብላችሁ የተበላሸ ረድፍ አስገቡ፤ ከኋላው ያሉት ያልፋሉ? የስልኩን ቀን አንድ ዓመት ወደኋላ መልሱ፤ ምን ይላል? ኢንተርኔት ከሌለው ዋይፋይ ጋር አገናኙት፤ «ደረሰ» ይላል? ፎቶ በመሄድ ላይ እያለ ባትሪውን አስጨርሱ። በአንድሮይድ ኢሙሌተር ላይ የኔትወርኩን ፍጥነት ወደ ኤጅ (የሁለተኛው ትውልድ ዝግ ያለ ዳታ) ማውረድ ይቻላል፤ የቀን ሥራችሁን እንደዚያ አድርጋችሁ ሥሩ።

ከዚያ አፑን ለሁለት ወይም ለሦስት ሠራተኞች ስጡና እነሱ የሚሠሩበት ቦታ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ሲግናሉ የት እንደሚገኝ፣ ስልኩ መቼ ቻርጅ እንደሚደረግ፣ ቅጹ መሃል ላይ ማን እንደሚደውል የምታውቁት እዚያ ነው።

12. ከማእከል ተከታተሉ

ስልኩ በላከ ቁጥር ሦስት ነገሮች አብሮ ይላክ፦ ወረፋው ላይ የቀረው ብዛት፣ የታገደው ብዛት፣ የአፑ እትም። ሰርቨሩ ላይ እያንዳንዱ ስልክ መጨረሻ የታየበትን ቀን የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ ረጅም ጊዜ ዝም ያለው ከላይ ይሁን። ዝም ያለ ስልክ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩን የያዘችው ሠራተኛ ወሊድ ላይ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ቅንብሩ አፑን እየገደለው ነው። የወረዳው አስተባባሪ በየሳምንቱ ሰኞ ያን ዝርዝር ይክፈት፤ ከሰባት ቀን በላይ ዝም ላሉት ይደውል።